ልጅ ሲያተኩሰው ሽንቱን አትርሱ

"ሲስተር፣ ጥርስ እያበቀለች መስሎን ነው እኮ እስካሁን የቆየነው።"

በሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ይህን ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ልጅቷ የ8 ወይ የ10 ወር ናት። 3 ቀን አተኩሷታል። ጉሮሮዋ ሲታይ ደህና ነው። ጆሮዋም ደህና ነው። ሳል የለም፣ ተቅማጥ የለም። ከዚያ ሽንቷ ይመረመራል፤ በሽታውም እዚያ ይገኛል፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላኛው ዓይነት ታሪክ ነው። ልጁ ወደኛ ከመምጣቱ በፊት ከፋርማሲ የተገዛ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ሁለት ሦስቴ ወስዷል። ሽንቱን ስናስመረምር ባክቴሪያው አይበቅልም። ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። በምን እንደታመመ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚያድነው በእርግጠኝነት የምናውቅበት ዕድል አመለጠን ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚያተኩሰው ትንሽ ልጅ ሽንቱ ይመርመር። ሽንቱም የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይሁን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሱን በትክክል ለማድረግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን የሚያመጣው ኢ ኮላይ የሚባል አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ ከ10 ልጆች በ8ቱ ገደማ እሱ ነው የሚገኘው። ከሰገራ ተነሥቶ በሽንት መውጫው በኩል ወደ ፊኛ ይወጣል። እዚያ ከቀረ ሽንት ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ያስሸናል። ወደ ኩላሊት ከወጣ ደግሞ ትኩሳት ያመጣል። ኩላሊት ላይ ጠባሳ ሊተው የሚችለውም ይሄኛው ነው። ሕክምናው ከ2 እና ከ3 ቀን በላይ ሲዘገይ የጠባሳው ዕድል ይጨምራል። ከ2 ዓመት በታች ሆነው ምክንያቱ ሳይታይ ከሚያተኩሳቸው 100 ልጆች ከ5 እስከ 7 የሚሆኑት ይኸው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለባቸው። ሴቶች ልጆች የሽንት መውጫቸው አጭር ስለሆነ ይበዛባቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ወንዶችም ይያዛሉ፤ በተለይ ያልተገረዙት።

1. መጀመሪያ ትኩሳቱን ለኩ

እጅ ግንባር ላይ ማድረግ መለኪያ አይደለም። ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ። ብብቱ ውስጥ አድርጋችሁ ክንዱን ገጥማችሁ ያዙ፤ እስኪጮህ ጠብቁ። በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው።

ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር ስልካችሁ ላይ ጻፉት። "ሲነካ ይፋጃል" ከሚለው ይልቅ "ትናንት ማታ 38.6፣ ዛሬ ጠዋት 39" የሚለው ሐኪሙን በጣም ይረዳዋል።

ፓራሲታሞል መስጠት ይቻላል፤ የሽንቱን ምርመራ አያበላሽም። ግን ትኩሳቱ በፓራሲታሞል ስለወረደ በሽታው ቀላል ነው ማለት አይደለም።

2. ምልክቱን እንደ ዕድሜው ፈልጉ

ብዙ ወላጅ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አዋቂ ሰው "ሽንቴን ያቃጥለኛል" ይላል። የ6 ወር ልጅ ግን ምን ብሎ ይንገራችሁ?

ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ላይ ምልክቱ በጣም ግልጽ ያልሆነ ነው። ጡት አልይዝ ይላል። ያስመልሰዋል። ይነጫነጫል፣ ወይም ከወትሮው በላይ ይተኛል። ክብደት አይጨምርም። ከተወለደ 2 ሳምንት አልፎት ዓይኑና ቆዳው አሁንም ቢጫ ከሆነ እሱም ሽንቱን የሚያስመረምር ምልክት ነው። ትኩሳት ላይኖርም ይችላል፤ እንዲያውም ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት ባሉት ትኩሳት ዋናው ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ ብቸኛውም እሱ ነው። ማስመለስ፣ ምግብ መጥላት፣ ሲሸና ማልቀስ ሊታከሉበት ይችላሉ። ሽንቱ ሊሸት ወይም ሊደፈርስ ይችላል። ግን ጠረን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ውሃ ያልጠጣ ልጅ ሽንቱ ይወፍራል፣ ይሸታልም። ስላልሸተተም ነፃ ነው አይባልም።

ንግግር የጀመረ ልጅ ይነግራችኋል፤ በራሱ ቋንቋ። "ሹሹዬን አመመኝ" ይላል። ከእምብርቱ በታች ይይዛል። በየ20 ደቂቃው ሽንት ቤት ይሮጥና ጠብ የምትል ነገር ብቻ ይሸናል። ልብሱ ላይ መሽናት አቁሞ የነበረ ልጅ እንደገና ሲጀምር አትቆጡት። ስንፍና ላይሆን ይችላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጎን ወይም የወገብ ሕመም አንድ ላይ ከመጡ ወደ ኩላሊት ወጥቷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

በምግብ እጥረት በጣም የተጎዳ ልጅ ላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰውነቱ ትኩሳት እንኳ ለማውጣት አቅም ያጣል። ሳያተኩሰውም ኢንፌክሽኑ ሊኖርበት ይችላል።

3. ከሚመስሉት ነገሮች ለዩት

ጥርስ ሲያበቅል ልጅ ይነጫነጫል፣ ለሃጩ ይበዛል። 39 ዲግሪ ግን ጥርስ አያመጣውም። "ምች ነው" ተብሎ በዳማ ከሴ ጠብቆ 4 እና 5 ቀን ማሳለፍም እንዲሁ አደጋ ነው። ዳማ ከሴውን አትንኩ አልልም፤ ጊዜውን ግን አይብላባችሁ።

ወባ ባለበት አካባቢ ከሆናችሁ የወባ የደም ምርመራው ይሠራ። ኔጌቲቭ ከሆነ ግን ፍለጋው እዚያ አያቆምም። በተለይ "ታይፎይድ ነው" የሚባለውን ጠይቁ። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ ሌላ ምክንያት ያለው ትኩሳትም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። የታይፎይድ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት "ሽንቱስ ታይቷል?" ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በሌላ በኩል ሽንት ሲያቃጥል ሁሉ ኢንፌክሽን አይደለም። ሴት ልጅ ሳሙና በበዛበት ውሃ ስትታጠብ ወይም ትናንሽ ነጫጭ የአንጀት ትሎች ሲኖሩባት ብልቷ አካባቢ ይቀላል፣ ያሳክካታል፣ ስትሸናም ያማታል። ስለዚህ አካባቢውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ ከሽንት ኢንፌክሽን ጋር እንዳታምታቱብኝ እለምናችኋለሁ።

የመጀመሪያው ስኳር ነው። ልጁ ብዙ ይሸናል፣ ውሃ አይጠግብም፣ ደግሞም እየከሳ ነው። ይሄ ልጅ በዚያው ቀን ስኳሩ ይለካ። በሕፃን ላይ የስኳር በሽታ በቀናት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ፊቱ በተለይ ጠዋት የሚያብጥና ሽንቱ ኮካ የሚመስል ልጅ ነው። ይህ የኩላሊት መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የጉሮሮ ወይም የቆዳ ቁስል ካለፈ በኋላ ይመጣል። የደም ግፊቱ መለካት አለበት።

ሦስተኛው በሽንት ደም መምጣት ነው። በአዋሽ ሸለቆ ቆላማ ቦታዎች ወይም በቤኒሻንጉል ኩርሙክ አካባቢ የኖረ ልጅ ከሆነ የሽንት ቢልሃርዚያም መታሰብ አለበት። ልጁ የት ውሃ እንደዋኘ ለሐኪሙ ንገሩ።

4. የማይጠብቀውን እወቁ

ዕድሜው ከ3 ወር በታች ሆኖ ካተኮሰው አትጠብቁ፤ ማታም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት። ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ጡት ወይም ውሃ እምቢ ካለ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰውነቱን ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም አልነቃ ካለ እንደዚሁ። አፉ ደርቆ፣ እርግብግቢቱ ጎድጎድ ብሎ፣ ለ8 ሰዓት ያህል ካልሸናም ሂዱ። እንዲህ ያለ ልጅ ሽንቱ ቶሎ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ይወሰዳል፤ ካልተቻለም መድኃኒቱ በመርፌ ይጀመራል። "ሽንት ከመድኃኒት በፊት" የሚለው ሕግ ሕይወት ከማዳን አይበልጥም።

5. ሽንቱን በትክክል ውሰዱ

ምርመራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ላብራቶሪ ውስጥ አይደለም። ሽንቱ ሲወሰድ ነው። ቆዳ ላይ ያለ ባክቴሪያ ከሽንቱ ጋር ከተቀላቀለ፣ ያልታመመ ልጅ ታሟል ይባልና ያለጥፋቱ አንቲባዮቲክ ይወስዳል።

ዕቃው ከላብራቶሪ የተሰጠ ንጹሕ ክዳን ያለው ኩባያ ይሁን። የሽሮፕ ጠርሙስ አጥባችሁ አታምጡ። የውሃ ፕላስቲክም አይሆንም። ከዳይፐር ወይም ከጥጥ ተጨምቆ የወጣ ሽንት ለካልቸር፣ ባክቴሪያውን አብቅሎ ለሚያየው ምርመራ፣ አይረባም።

ገና ዳይፐር ላይ ላለ ልጅ እንዲህ አድርጉ። ጡት አጥቡት ወይም አጠጡት፤ ከዚያ 20 እና 25 ደቂቃ ቆዩ። እጃችሁን ታጠቡ። ዳይፐሩን አውልቁና ብልቱን በንጹሕ ውሃና በንጹሕ ጎዝ ጥረጉ። ለሴት ልጅ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ነው። ላልተገረዘ ወንድ ልጅ ሸለፈቱን በኃይል ወደ ኋላ አትሳቡ፤ ላዩን ማጠብ ይበቃል።

አሁን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ልጁን ይይዛል፣ ሌላው ኩባያውን ከፍቶ ያዘጋጃል። ጎዝ በቀዝቃዛ ውሃ ንከሩና ከእምብርቱ በታች፣ ከብልቱ በላይ ያለውን ቦታ በቀስታ እያዞራችሁ እሹት። ብዙ ሕፃናት ቅዝቃዜው ሲነካቸው ይሸናሉ። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ይህ ሲደረግላቸው ከ100 ሕፃናት 31ዱ በ5 ደቂቃ ውስጥ ሸንተዋል፤ ዝም ተብለው ከተጠበቁት ግን 12ቱ ብቻ። መሽናት ሲጀምር የመጀመሪያውን ጠብታ አሳልፉና መካከሉን ቅለቡ። ኩባያው ቆዳውን አይንካ፤ ውስጡንም በጣት አትንኩ።

አንዳንዴ በ5 ደቂቃ አይሆንም። ግማሽ ሰዓት ኩባያ ይዛ የቆመች እናት አይቻለሁ። ተስፋ አትቁረጡ፤ ያቺ አንድ ቅምሻ ሽንት ብዙ ዋጋ አላት።

ፖፖ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ከሆነ ፖፖውን በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ በደንብ አለቅልቁት። ከዚያ ላይ ወደ ኩባያው ገልብጡ። ትልቅ ልጅ ራሱ መሃሉን መቅለብ ይችላል። ሴት ልጅ እግሯን ሰፋ አድርጋ እንድትቀመጥ አድርጉ። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ብትቀመጥ እግሮቿ በራሳቸው ይከፈታሉ።

ብልት ላይ የሚለጠፍ የሽንት ከረጢት በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ልኩን እወቁለት። በከረጢት የተወሰደ ሽንት ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ዜና ነው፤ ኢንፌክሽን የመኖሩ ዕድል ዝቅ ይላል። ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ምንም አላረጋገጠም። በንጹሕ መንገድ እንደገና መወሰድ አለበት።

የታመመ ሕፃን ከሆነ ወይም ሽንቱ በሌላ መንገድ አልገኝ ካለ ሐኪሙ ካቴተር ያዝዛል። እዚህ ጋ ብዙ ወላጅ ይደነግጣል። ካቴተር ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ነው። ገብቶ ሽንቱን ይቀዳና ይወጣል፤ ከደቂቃ ሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ልጁ ያለቅሳል፣ ግን ቶሎ ይረሳዋል። ሴት ልጅ ያላቸው አያቶች በጆሮዬ የሚጠይቁኝ ጥያቄም አለ፤ "ድንግልናዋን አይነካም?" አይነካም። ቱቦው የሚገባው በሽንት መውጫው ነው። ሁለቱ ቀዳዳዎች የተለያዩ ናቸው። ይህን ፈርቶ ልጅ ይዞ የሄደ ቤተሰብ ስላየሁ ነው በግልጽ የምጽፈው።

ሽንቱ ከተገኘ በኋላ ሩጡ። በ1 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። ካልተቻለ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ እዚያም ቢሆን ከ4 ሰዓት አይለፍ። ሙቀት ላይ የቆየ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያው በኩባያው ይራባል፤ ውጤቱም ውሸት ይሆናል። ኩባያው ላይ ስሙንና የተወሰደበትን ሰዓት ጻፉ።

6. ፈጣኑን ውጤት አንብቡ

ጤና ጣቢያም ሆነ ክሊኒክ የሚሠራው የመጀመሪያ ምርመራ ዲፕስቲክ የሚባለው ቀለም የሚቀይር ወረቀትና ማይክሮስኮፕ ነው። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ አስነብቡት፣ አስረዱኝ በሉ።

"ናይትራይት" ባክቴሪያው ሽንቱ ውስጥ የሚፈጥረው ነገር ነው፤ ፖዘቲቭ ከሆነ ኢንፌክሽኑ የመኖሩ ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው። ኔጌቲቭ ከሆነ ግን አትዘናጉ። ናይትራይት እንዲፈጠር ሽንቱ ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። ሕፃን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይሸናል። ስለዚህ ኢንፌክሽን ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ላይ ናይትራይቱ ኔጌቲቭ ይሆናል።

"ሉኮሳይት" የሚለው ነጭ የደም ሴል መኖሩን ያሳያል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙ ላብራቶሪ "ፐስ ሴል" ብሎ ቁጥር ይጽፋል። 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይጠረጠራል። ነጭ የደም ሴል ግን በሌላ ትኩሳትም ሊመጣ ይችላል፤ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑ ሕክምና ለመጀመር ይበቃል። ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑና ልጁ ከ3 ወር በላይ ከሆነ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። "ኤፒተልያል ሴል ብዙ" ከተባለ ሽንቱ ከቆዳ ጋር ተነካክቷል ማለት ነው፤ እንደገና መውሰድ ይሻላል።

7. ካልቸሩን አስላኩ

ማረጋገጫው ካልቸር ነው። ሽንቱ ላይ ያለው ባክቴሪያ እንዲያድግ ይደረግና ዓይነቱ ይለያል፣ ብዛቱ ይቆጠራል፣ የሚገድለው መድኃኒት ይፈተናል። 2 እና 3 ቀን ይፈጃል። በሁሉም ጤና ጣቢያ አይሠራም፤ ትልልቅ ሆስፒታሎችና አንዳንድ የግል ላብራቶሪዎች ይሠሩታል። ልጁ ከ2 ዓመት በታች ሆኖ ካተኮሰው፣ ወይም ኢንፌክሽኑ ሲመላለስበት ከቆየ "ካልቸር ሊላክልን ይችላል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሽንቱ ለካልቸር ከተወሰደ በኋላ ሐኪሙ መድኃኒት ቢጀምር ችግር የለውም፤ ውጤቱ ሲመጣ ይስተካከላል።

በካቴተር በተወሰደ ሽንት በ1 ሚሊ ሊትር 50,000 እና ከዚያ በላይ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ከበቀለና ነጭ የደም ሴልም ካለ፣ ነገሩ ተረጋግጧል። በንጹሕ ከተቀለበ ሽንት ደግሞ በተለምዶ የሚጠበቀው 100,000 ነው። ሁለት ሦስት ዓይነት ተቀላቅሎ ከበቀለ ብዙውን ጊዜ ሽንቱ ሲወሰድ ተበክሏል ማለት ነው።

ከታች የመድኃኒት ዝርዝር አለ። አጠገቡ "ኤስ" ከተጻፈ ይሠራል፤ "አር" ከተጻፈ ባክቴሪያው ለምዶታል። አሞክሳሲሊን ላይ "አር" አይቶ የማይገርመው ላብራቶሪ ብዙ ነው። የጎረቤት ልጅ የዳነበትን ሽሮፕ መግዛት ለምን እንደማይሆን እዚያች ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር ላክል። ምንም ምልክት የሌለው ጤነኛ ልጅ ሽንቱን "ለማንኛውም" እያላችሁ አታስመርምሩ። አንዳንድ ልጆች ባክቴሪያ ፊኛቸው ውስጥ ይኖራል፣ አይጎዳቸውም። ማከሙ ነው የሚጎዳቸው።

8. ከተረጋገጠ በኋላ

ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ መውረድ አለበት። ካልወረደ ካልቸሩን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ምናልባት መድኃኒቱ "አር" የተባለው ይሆናል።

ከ2 ዓመት በታች ሆኖ ከትኩሳት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ልጅ የኩላሊትና የፊኛ አልትራሳውንድ ቢነሣ ጥሩ ነው። አያምም፣ ጨረርም የለውም። ወንድ ልጅ ሲሸና ሽንቱ ደከም ያለ ወይም ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ይህን ለሐኪሙ መንገር አትርሱ፤ ከውልደት ጀምሮ ያለ መዘጋት ሊሆን ይችላል። የሆድ ድርቀት ካለበትም ተናገሩ። የሞላ አንጀት ፊኛን ስለሚጫን ሽንቱ ተንጠፍጥፎ አይወጣም፤ ኢንፌክሽኑም ይመላለሳል።

የካልቸሩን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሡት፤ የባክቴሪያው ስምና "ኤስ" "አር" የሚለው በግልጽ ይታይ። አንዴ የያዘው ልጅ እንደገና ሊይዘው ይችላል። ሌላ ጊዜ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲመጣበት በ2 ቀን ውስጥ ሽንቱን አስመርምሩ፤ ለሚያየው ሐኪምም መጀመሪያ ያን ፎቶ አሳዩት።